ከደረጃው ሥር ያሉት ሦስት ቋሚዎች

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤቴ ሳሪስ ነው፤ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ። ጠዋት እንደ ልማዴ በአሥራ ሁለት ሰዓት እነሣለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ስጨርስ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀን ምን እንደማደርገው አሁንም አልለመድኩትም። ባለቤቴ “ግድግዳ ላይ ስታፈጥ አትዋል፣ ውጣና ሰው አግኝ” ትለኛለች። እውነቷን ነው። የበሩን መቃን፣ የኮርኒሱን ጥግ፣ የጎረቤትን የተጣመመ መስኮት ሳይ እውላለሁ። እጅና ወገብ ጡረታ ይወጣሉ፤ ዓይን ግን እምቢ ይላል።

ሥራዬ አናጢነት ነበር። ሰው ደመወዙን ይናፍቃል ይላሉ፤ የእኔ ደመወዝ የሚናፈቅ አልነበረም። እኔን የሚናፍቀኝ የጥድ ሰጋቱራ ሽታ ነው። መላጊያው በእንጨቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥን ሲከፈት ያለው ቅዝቃዜ፣ የሰዎቹ ሳቅ። ብዙዎቹ ሰዎች አሁን የሉም።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ እኔንም እዚያው ሊያስገባኝ ፈልጎ ነበር፤ የማሽኑን ጩኸት ግን አልቻልኩትም። የመንግሥት ሕንፃዎችን የሚጠግን አንድ መሥሪያ ቤት ቃሊቲ ላይ ወርክሾፕ ነበረውና በረዳት አናጢነት ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ ያላደስኩት ዓይነት ቤት የለም፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ የወታደር መኖሪያ። ደብረ ዘይት ሁለት ዓመት፣ ሞጆ አንድ ክረምት፣ አሰላ ደግሞ ብርዱ መሮ ከእጄ እስኪያስጥለኝ ስምንት ወር ሠርቻለሁ። አለቆችም ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ለአንድ ኪሎ ሚስማር ሦስት ቦታ ያስፈርም ነበር። ሌላው ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሥራ የሚቆጣጠር ሰው ነበር። ለእንጀራዬ ያበቃኝ፣ ሰውም ያደረገኝ ግን አለቃ አልነበረም፤ ጋሽ ዘነበ የሚባሉ አናጢ ናቸው።

ጋሽ ዘነበ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ግራ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። አንድ ቤት ጠግኑ ተብለን ስንላክ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቤቱን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያ የቤቱን ሰዎች ይጠይቃሉ። በየት በኩል ያፈሳል? ክረምት ሲገባ የትኛው በር አልዘጋ ይላል? እንጨቱን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ደህናውን ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። አንድም ሳንቃ ቁጥር ሳይሰጡት አያነሡም። ቁጥሩን የሚጽፉት በግዕዝ ነው፤ በእንጨቱ ጀርባ በመሮ ፈልፍለው። የሦስት ቁጥሯን ጭራ ከሌላው ሰው ይልቅ ረዘም ያደርጓታል። እኔ በእርሳስ ብንጽፈው አይቀልም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

“እርሳስ የእኛን ዕድሜ ያህላል” አሉኝ። “ከእኛ በኋላ የሚፈታው ሰው ምን ያንብብ?”

ሚስማርም አይወዱም። ሁለት እንጨት ሲያጋጥሙ በወይራ ችካል ነው የሚያስሩት። ሚስማር ይዝጋል፣ ዝገቱ እንጨቱን ይበላዋል፤ ወይራ ግን ከጥዱ ጋር አብሮ ያረጃል ይሉ ነበር። ስትሳሳት ደግሞ ሰው ፊት አያርሙህም። መሣሪያውን ከእጅህ ቀበል ያደርጉና ውሃ አምጣልኝ ብለው ይልኩሃል። ውሃውን ይዘህ ስትመለስ ሥራው ተስተካክሏል፤ እሳቸው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

እኔ ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን አሮጌ ሆቴል እንድንጠግን ታዘዝን። ሆቴሉን የሠሩት አንድ ነጋዴ ናቸው፤ ባቡር ለሚጠብቅ መንገደኛ ማረፊያ ብለው። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ሰፊ የእንግዳ አዳራሽ፣ ላይ አሥራ አራት መኝታ ክፍሎች፣ በሁለቱም በኩል የሚዞር የእንጨት በረንዳ። የበረንዳው ክፈፍ እንደ ነጠላ ጥለት በጥርብ እንጨት ያጌጠ ነበር። ደረጃው ዝግባ፣ ወለሉ ጥድ፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ እንደ ምሽግ የወፈረ። የበረንዳውን መደገፊያ ያየ ሰው ደግሞ ባቡር ምን ያህል ያስጠብቅ እንደነበረ ይረዳል፤ ከዳር እስከ ዳር መንገደኞች በሰንጢ ስማቸውን ቀርጸውበታል። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ሆቴሉም ተወረሰና የአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሆነ።

በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ከታች መፈረካከስ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ዘነበ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ ዞሩት። በጭቃ መመረግ አለበት፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሦስት ሳምንት መብላላት አለበት፤ መርገነው እስኪደርቅ ደግሞ ሌላ ወር ያስፈልጋል ብለው ለኃላፊው ነገሩት። ኃላፊው ያ ከመኪና የማይወርደው ሰው ነው። ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ያለን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው፣ በሲሚንቶ ምረጉት አለ። ጋሽ ዘነበ እምቢ አሉ። የጭቃ ቤት በግድግዳው ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋ ላይ በላቡ ያወጣዋል፤ ሲሚንቶ ከቀባነው ውሃው ከውስጥ ታፍኖ ቋሚዎቹን ያበሰብሳል አሉት። ኃላፊው የመኪናውን መስኮት ዘጋ። በማግስቱ ጋሽ ዘነበ ወደ ሞጆ ሥራ ተላኩ፤ እኔ የቡድኑ መሪ ተባልኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ጋሽ ዘነበ ትክክል እንደሆኑ አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም። ግን ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ኃላፊው በስሜ ጠርቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል፤ እኔ ራሴ ሰዎችን የማዝበት ቀን ይመጣል ብዬ አልሜ አላውቅም። በአሥራ ሁለት ቀን ግድግዳውን ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ወገብ በሲሚንቶ ለስነን፣ ክሬም ቀለም ቀብተን ጨረስነው። ያምር ነበር። እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። እኔ አንድ እርከን አደግሁ።

ጋሽ ዘነበ ከሞጆ ሲመለሱ ሆቴሉን ሊያዩ መጡ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፉት። ከዚያ “ልስልስ ብሏል” አሉና ወጡ። ስለዚያ ግድግዳ እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። እኔም ያኔ ቅናት መስሎኝ ነበር።

ጥፋቴ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ስንከፍት ቋሚው በጣታችን እንደ እርጥብ ዳቦ ፈረሰ። በዚያ ቀን ምሳ አልበላሁም። ያኔ ወደ አቃቂ ሄጄ ሆቴሉን ማየት፣ ለሚመለከተው መናገር ነበረብኝ። አላደረግሁትም። ከአበዳሪው እንደሚደበቅ ሰው በጣቢያው በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ጉዳይ ሲኖረኝ በታችኛው መንገድ እዞራለሁ። ጋሽ ዘነበም እስከዚያ ድረስ አርፈው ነበር፤ አቦ ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበሩት። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ ክረምት ላይ፣ አንዲት ሴት ቤቴን አጠያይቃ መጣች። ሂሩት ትባላለች፤ ሆቴሉን የሠሩት ነጋዴ የልጅ ልጅ ናት። መንግሥት ሲለወጥ ቤቱ ለቤተሰቡ ተመልሶ ነበርና እሷ አልጋ እያከራየች ይዛዋለች። በታናሽ እህቴ ዕድሜ ስለሆነች አንቺ በሉኝ አለችኝ። ግቢው ውስጥ የነበረው ትልቅ ባሕር ዛፍ በንፋስ ተገንድሶ ጣራው ላይ ወድቋል። በምዕራብ በኩል ቆርቆሮውን ብቻ ቀደደው፤ በምሥራቅ በኩል ግን ግድግዳው ጭምር ተደርምሶ አምስት ክፍል አዘመመ፣ በረንዳውም ተሰበረ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። የወረዳው ሰዎች አይተው ለአላፊ አግዳሚ አደገኛ ነው፣ በወር ጊዜ ውስጥ የጥገና ዕቅድ ካላመጣሽ ይፈርሳል ብለዋታል።

“ድሮ ይህን ቤት ከጠገኑት ሰዎች በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት ብለውኝ ነው የመጣሁት” አለችኝ።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ሃያ ዓመት ያህል ስሸሸው በኖርኩት በር ገባሁ። እሷ ያስመጣችው አንድ ወጣት መሐንዲስ ደብተሩን ይዞ ይዞራል። ጨዋ ልጅ ነው። ቤቱ ከመሠረቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ዛሬ የምሥራቁ ነገ የምዕራቡ ይወድቃል፣ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ይሻላል፣ ከፈለጋችሁ የድሮውን የሚመስል በረንዳ ፊት ለፊት እንለጥፍለታለን እያለ ያስረዳታል። ሂሩት እጇን አጣጥፋ ትሰማዋለች። ልታምነው ትንሽ ነው የቀራት፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ተጠጋሁ። የእኔ ሲሚንቶ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ቆሟል። በመዶሻዬ ጫፍ አንዱን ስባሪ ሳነሣው ከጀርባው ያለው ቋሚ ጠቁሮ ታየኝ። ጣቴን ስሰደው እስከ አንጓዬ ገባ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። መሐንዲሱ ጥፋቱን ለጭቃው ሰጥቶታል፤ ሂሩት ለዛፉ። ዝም ካልኩ ግን ቤቱ መፍረሱ ነው።

“ልጄ፣ ጭቃው አይደለም” አልኩት መሐንዲሱን። “ና፣ የምዕራቡን አብረን እንክፈተው።”

“ፋዘር፣ ያው እኮ ነው” አለኝ፤ ግን መጣ።

በምዕራብ በኩል ሲሚንቶ አልተቀባም። ጭቃውን በክንድ ስፋት ያህል ብንከፍተው ቋሚው ደረቅ፣ ቢጫ፣ በመሮ ሲነኩት የሚጮህ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ጫካ እንጨት የተሠሩ ግድግዳዎች ናቸው። መሐንዲሱ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ደብተሩን ዘጋ። ሂሩት ታዲያ ያኛውን ምን ነካው ብላ ጠየቀች።

“ሲሚንቶ” አልኳት። “ሲሚንቶውን ያስቀባሁት እኔ ነኝ። እንደሚያበላሸው እያወቅሁ።”

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አራት ቀን ስልክ አልደወለችም። ለባለቤቴ እንኳ የሆነውን አልነገርኳትም፤ ቁጭ ብዬ ያንን ግድግዳ ሳስብ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ሂሩት ራሷ መጣች። በር ላይ እንደቆመች ነው የተናገረችው።

“ተናድጄብዎታለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ግን የታመመበትን ቦታ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ይምጡና ይጠግኑት።”

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ጠዋት ደስ ብሎኝ መሣሪያዬን ይዤ የወጣሁበት ቀን የለም።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። ሂሩት ከአንድ ነገር በቀር ምንም አላዘዘችኝም። አያቷ የሠሩት ነገር መትረፍ የሚችል ከሆነ ይትረፍ፤ የማይችለው ብቻ ይለወጥ አለች። በጋሽ ዘነበ ደንብ እያንዳንዱን ሳንቃ በግዕዝ ቁጥር እየፈለፈልን አወረድን። ያዘመመውን ፎቅ በስድስት የከባድ መኪና ክሪክ፣ በቀን ጣት በማይሞላ ልክ፣ ቀስ እያልን ወደ ቦታው መለስነው። ፎቁ ሲነሣ እንደ ታማሚ ሰው ያቃስታል፤ በቃ ሲል እናቆማለን፣ በማግስቱ እንቀጥላለን። ቤቱን የሰበረው ባሕር ዛፍ ተሰንጥቆ መወጣጫ ሆነን። የጥድ እንጨት እንደ ድሮው አይገኝም፤ ከተማው ውስጥ አሮጌ ቤት ፈረሰ በተባለበት ሁሉ እየሄድኩ ደህና ደህናውን ለቅሜ አመጣሁ። የበረንዳውን ክፈፍ ከተረፈው ላይ በወረቀት አትሜ፣ የጎደለውን በእጅ መጋዝ ጠረብኩት። ከሠራተኞቹ አንዱ ስም የተቀረጸበትን መደገፊያ በመላጊያ ሊያስተካክለው ሲል ደርሼ አስጣልኩት። ባቡር የጠበቁት ሰዎች ስም ነው፤ ባቡሩ ቀርቷል፣ እነሱም ይቅሩ ወይ አልኩት።

ለጭቃው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ አገኘሁ። የአባታቸው እርሻ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ለግድግዳ የሚሆነው ቀይ አፈር የት እንደሚወጣ፣ ከየትኛው ጥቁር አፈር መራቅ እንዳለብን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ግቢ ውስጥ ተቦክቶ ሲብላላ ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ጎረቤት ሊከስሰን መጣ። ኦቦ ገመቹ ሳቁና ሲሸት ነው የደረሰው፣ ገና አንድ ሳምንት ታገሠን አሉት።

በሦስተኛው ወር የምሥራቁን ግድግዳ ሲሚንቶ ስንቀርፍ ደረጃው ሥር ደረስን። ቀድሞም አንድ ነገር አስገርሞኝ ነበር። የምሥራቁ ክፍል በሙሉ ሲዘም ደረጃው አልወደቀም። ደረጃው ቢወድቅ ኖሮ ፎቁን ይዞት ይወርድ ነበር፤ የምንጠግነው ቤት አይኖርም። ለምን እንደቆመ አልገባኝም ነበር። ሲሚንቶውን እያነሣን እዚያ ጥግ ስንደርስ መዶሻዬ የሚያሰማው ድምፅ ተለወጠ። ሲሚንቶው አለቀ። ከላይ ቀለሙ አንድ ነው፤ ክሬም። ከሥሩ ግን ጭቃ ነው፤ በደንብ የተብላላ፣ ጭዱ በጥንቃቄ የተበተነ ጭቃ።

ሠራተኞቹን ለምሳ ለቀቅኳቸውና ብቻዬን ከፈትኩት። ደረጃውን የተሸከሙ ሦስት ቋሚዎች አሉ። የሦስቱም እግር በስብሶ ኖሮ ከጉልበት በታች ተቆርጧል፤ በአዲስ ወይራ ተቀጥሏል፤ በወይራ ችካል ታስሯል፤ አንድ ሚስማር የለበትም። ከመሬት እንዳይነካካ እያንዳንዱ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ጀርባቸውን በእጄ ዳበስኩ። በመሮ የተፈለፈለ ቁጥር አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሦስቷ ጭራ ረዝማለች።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው አውቀውታል። ከኔ በኋላ መጥተው፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ሲሚንቶዬን ቀርፈው፣ ቤቱ በዚያ በኩል ከወደቀ ሰው እንደሚገድል ስለሚያውቁ ዋናዎቹን ሦስቱን አድነውልኛል። መልሰውም የኔኑ ቀለም ቀብተውበታል። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አብረን ምሳ ስንበላ አልነገሩኝም። ሰዎቹ ከምሳ ሲመለሱ ዓይኔ ቀልቶ አዩኝ፤ የሲሚንቶው ብናኝ ነው አልኳቸው።

ሆቴሉ በሚያዝያ ተከፈተ። ሂሩት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች፤ ሽታውን ሊከስስ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ምሳ በላ። መሐንዲሱም መጥቶ መደገፊያውን እየዳበሰ በረንዳውን ዞረው። እኔ በሲሚንቶ ካበላሸሁት በስተቀር ከአሥር ሰባቱ የቀድሞው እንጨት ነው። ከደረጃው ሥር ያለችውን ቦታ ግን አልመረግናትም። ሂሩትን አስፈቅጄ ትንሽ የሳንቃ በር አበጀሁላት፤ ሲከፍቷት ሦስቱ ቋሚዎችና የድሮው ጭቃ እንዳሉ ይታያሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጋሽ ዘነበ ባለቤት እትዬ ወርቅነሽ በሕይወት አሉ፤ እዚሁ ሳሪስ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በየዓመት በዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። ያየሁትን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ግን መንገር ማለት ጥፋቴን መናገር ነውና ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ሲሚንቶውን፣ ሞጆ መላካቸውን፣ ቋሚዎቹን። ሲሰሙኝ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

“ይሄ መቼ ነው?” አሉኝ።

ሲሚንቶው ከተቀባ በኋላ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ይመስለኛል አልኳቸው። ለራሳቸው የሚያሰሉ መሰሉ። ታናሿን ልጃቸውን ጡት ያጠቡበት ዓመት ነው አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከምስሩ ላይ ሳያነሡ የነገሩኝን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

በዚያ ዓመት ጋሽ ዘነበ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሮጌ ሱሪያቸውን ለብሰው ይወጡ ነበር። የት ነው ሲሏቸው፣ አቃቂ አንድ የታመመ አለ፣ ልጠይቀው ነው ይላሉ። ማነው ሲሏቸው፣ አታውቂውም። አመሻሽ ላይ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ይመለሳሉ። የታመመ ሰው ጭቃ ውስጥ ነው ወይ የሚተኛው ብለው ቢጠይቁ እግራቸውን ሊታጠቡ ይወጣሉ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። አንዲት ጎረቤት አቃቂ ሌላ ቤት ሳይኖረው አልቀረም፣ የቤት ጭቃ እያስመረገ ነው ስትላቸው ነገሩ ሁሉ ገጠመላቸው። ልጆቻቸውን ይዘው እናታቸው ቤት ገቡ። ጋሽ ዘነበ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ሌላ ሴት እንደሌላቸው ማሉ፤ ታዲያ የት ነው የምትሄደው ሲባሉ ግን አልናገርም አሉ። እትዬ ወርቅነሽ ለልጆቹ ሲሉ ተመለሱ።

“ወደ ቤቱ ተመለስኩ እንጂ ልቤን ይዤ አልተመለስኩም” አሉኝ። “የሞተ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ የማላውቃት ሴት ትመጣ ይሆን እያልኩ በር በሩን ሳይ ነበር።”

ለሽማግሌዎቹ እንኳ ያልተናገሩት ለምን እንደሆነ እዚያው ገባኝ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት አበላሸ የተባለ ሰው በአሻጥር ይከሰስ ነበር። ሽማግሌ የሰማው ነገር ደግሞ ሰፈር ይሰማዋል፤ ሰፈር የሰማው ቀበሌ ይደርሳል። የቡድኑ መሪ ተብሎ የፈረመው እኔ ነበርኩ። ይህንን ለእትዬ ወርቅነሽ ነገርኳቸውና እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ተው። ሰፌዱን አንሣልኝና ነጠላዬን አቀብለኝ” አሉ። “ውሰደኝ፣ ልየው።”

ሚኒባስ ተሳፍረን አቃቂ ወረድን። ሂሩት በር ላይ ተቀብላ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ማን እንደሆኑ በጆሮዋ ነግሬያት ነበር። ከደረጃው ሥር ያለችውን በር ከፈትኩላቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ከቋሚዎቹ አሳልፈው ከድሮው ጭቃ ጥቂት ቆንጥረው በጣታቸው መሃል አሹት። አሸተቱት። ቀይነቱን ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አጠገባቸው ሆኜ አየሁ።

“ይሄን ጭቃ” አሉ፣ “ስንት ቅዳሜ ከሱሪው ላይ አጥቤዋለሁ።”

ከበላያችን አንድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ይወጣ ነበር።